ነገ «ላሲሜላኔ» ብለን እንጥራቸው

በጁባ ለምትኖሩ ወዳጆቻቸው ሁሉ፤ አዋላጇ ሲስተር ኖምሳ ትናንት ጠዋት በተወለዱበት አገር ሳይሆን በእኛ መካከል አርፈዋል። ልባቸው መታመሙን የምናውቅ እንኳ ዜናውን ስንሰማ ማመን አቃተን። ቀብራቸው ነገ ነው። ይህን የምጽፈው ሐዘኑም ፍርሃቱም አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ሙኑኪ ሰፈር ካለው ምግብ ቤቴ ጀርባ ከሲስተር ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ልጄን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ምጤ የመጣው ከተማው በተኩስ በሚናጥበት ቀን ነበር። ክሊኒክ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ ቦዳቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት እንኳ ዝር አይልም። ሲስተር መስኮቱን በፍራሽ ጋርደው፣ እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ተንበረከኩ። ጥይት በጮኸ ቁጥር «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም የለም» ይሉኛል፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«ሲስተር፣ እርስዎም ፈሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«በጣም እንጂ ልጄ! አንቺ ግፊ፤ እኔ እየፈራሁ እሠራለሁ።»

ሕፃኗ ስታለቅስ ድምፅዋ ሰው ያመጣብናል ብለን ደነገጥን። ደረታቸው ላይ ልጥፍ አድርገው በሲስዋቲ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ባለችው አገራቸው ቋንቋ፣ እያንሾካሾኩ አባበሏት። ተኩሱ ጋብ ሲል ስለ ሕዝባቸው አጫወቱኝ።

«ስዋዚ የተባልነው በጥንቱ ንጉሣችን በምስዋቲ ስም ነው። እሱ ስሙን ለሕዝብ ሁሉ ትቶ አለፈ። እኔ እዚህ ብሞት በወገኔ ስም የሚጠራኝ ማን ነው?»

በባህላቸው ሴት ብታገባም በአባቷ ወገን ስም ትጠራለች፤ እኛ ሐበሾችም ስናገባ የአባታችንን ስም እንደማንለውጠው ማለት ነው። የእሳቸው ወገን ሲሜላኔ ስለሆነ፣ ለሴት የሚጨመረው «ላ» ገብቶበት «ላሲሜላኔ» ይባላሉ።

«ስትቀብሩኝ እንደዚያ በይኝ። ሲስተር ብቻ ተብዬ አፈር እንዳልገባ» አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው።

ዘመዶቻቸው ለነገ መድረስ አልቻሉም። እዚህ የምናውቀው ሌላ ስዋዚ የለም፤ ስለዚህ የምጠራቸው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ደግሞ ተኩስ መሰማት ጀምሯል። መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ጥይት ቢጮኽ ድምፄ ይወጣ ይሆን? እፈራለሁ፤ ደብቄ ምን ይጠቅመኛል? እባካችሁ ኑ። አንደበቴ ቢተሳሰር ከመካከላችሁ አንዳችሁ ስሙን ተቀብላችሁ ጥሩልኝ።

ላሲሜላኔ፣ ደኅና ይሁኑ። በእነዚያ በሚንቀጠቀጡ እጆች የተቀበሏትን ልጅ ይዤ ነገ እመጣለሁ። እንደ እርስዎ እየፈራሁ እጠራዎታለሁ።