ወደ ቦርከና የተከፈተው በር

ሰሞኑን ከምኖርበት ከደሴ ሆጤ ሰፈር ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከተማዋን ከቦርከና ወንዝ ጋር ያስታርቃል የተባለውን አዲስ ንድፍ አደባባይ ተሰቅሎ አየሁት፤ ዘንባባ አለው፣ የእግረኛ መንገድ አለው፣ ውሃውም ቦርከና በዕድሜው ለብሶት በማያውቅ ሰማያዊ ተቀብቷል። ልስቅ ስል ከወንዙ በኩል የእርጥብ ጭቃ ሽታ መጣና የእናቴን በር አስታወሰኝ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። የኮምቦልቻው ሰፈራችን በሙሉ ለወንዙ ጀርባውን ሰጥቶ የተሠራ ነበርና ቦርከና የሚታወሰው ቆሻሻ ሲደፋበትና ክረምት ሲያጓራ ብቻ ነው። እናቴ ግን ልክ ከቤታችን የጓሮ ግድግዳ ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ የጎመንና የቃሪያ መደብ ነበራት፤ እሱን ለማጠጣት ሰፈሩን ዞራ ትሄዳለች። በር ይከፈትልኝ እያለች አባቴን ለዓመታት ለመነችው። ልብስ ሰፊው አባቴ ግን በወንዝ በኩል በር የሚከፍት ሰው ጅብን እራት የጠራ ነው ይል ነበር።

ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነውና አንድ ቀን ሰፈሩ ቀበሌ ተጠራ። ከላይ የመጣ ባለሙያ ከእንግዲህ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደ ወንዙ እንደሚያዞር አስረዳ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ አጨብጭቦ እንደ ልማዱ ረሳው። እናቴ ብቻ አልረሳችም። በማግስቱ አባቴ ገበያ ሲወጣ ጎረቤታችንን ሸህ ይማምን ከነዲጅኗቸው ጠራችና የጭቃውን ግድግዳ መናድ ጀመሩ። መጀመሪያ ብርሃን ገባ፣ ቀጥሎ ነፋስ፣ ከዚያ የወንዙ ድምፅ እንደ እንግዳ ሳሎናችን መጥቶ ተቀመጠ፤ እኛ ልጆች ሠርግ የመጣ ይመስል ጨፈርን።

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደረሰ።

«ጌታቸው፣» አሉ ሸህ ይማም ዲጅኗቸውን ተደግፈው፣ «ጅቡ ከመጣ ወላሂ እራቱን እኔ እችላለሁ።»

አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ክፍተቱን ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ጠባብ ነው፣» አለ። «የስፌት መኪናዬ በዚህ አያልፍም።»

ባለሙያው ተዛወረ፣ ዕቅዱም አብሮት ጠፋ፤ አባቴ ግን ወንዝ ዳር እየሰፋ አረጀ፣ ጎረቤቱም አንድ በአንድ ግድግዳውን ቀደደ። ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም፤ ቤቱን የገዛው ሰው በሩን በብሎኬት ደፍኖታል። ንድፉ ግርጌ ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንዟ ትዞራለች ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። ቢሆንም፣ ላምን ወይ ላሾፍ ሳልወስን፣ ልቤ እንደዚያ ቀን እየዘለለ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ንድፉ ላይ በጣቴ ፈለግሁት። ዘንባባ ተሥሎበታል፤ ጥላው ለአንድ የስፌት መኪና ይበቃል።