የቦርከና ዳሩ ማማ

ማማውን የሠሩት የባሌ አባት ናቸው። መጀመሪያ ማሽላ የሚጨርሰውን ግሪሳ ወፍ በወንጭፍ ሊያባርሩበት ነበር። አንበጣ የመጣ ጊዜ መንደርተኛው ሁሉ እየተንጠላጠለ ከየት በኩል እንደሚወርድ ያይበት ጀመር። እኔ ተድሬ ስመጣ ደግሞ ሥራው ጎርፍ መጠበቅ ሆኗል። ቦርከና አይታመንም፤ እኛ ጨፋ ላይ ፀሐይ እየሞቅን፣ በላይ በኮምቦልቻ በኩል የዘነበው ድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ነሐሴ ከገባ ከማማው ላይ ሰው አይጠፋም። ጎርፉ ከሩቅ ከታየ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ጨርቁ ካለ ማንም አይሻገርም። ስልክማ አለን፤ ባትሪው ነው እስከ ገበያ መልስ የማይቆየው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ልጄን ከሩቅ ልየው ብለው አብረውኝ ወጡ፤ መሰላሉ ላይ የወረደበትን እርግማን አልናገርም። ልጃቸው፣ ማለትም ባሌ፣ ከሰንበቴ ገበያ ጊደር ገዝቶ የሚመለስበት ሰዓት ነበር። እሱ ማዶ ብቅ ሲልና ከላይ ድፍርሱ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ አንድ ሆነብኝ። ቶሎ ብዬ ጨርቁን ሰቀልኩ። አየውና ቆመ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አማቴ ግን ያዩት ውሃውን ብቻ ነው። «ያ ረቢ! ልጄን! ልጄን!» ብለው እሪታቸውን አቀለጡት።

እኛ አገር እሪታ የሰማ ሰው ዝም ብሎ አይቆምም። ሰው ሞቷል ወይም ሊሞት ነው ብሎ፣ የያዘውን ጥሎ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። የእናቱን ድምፅ የለየ ደግሞ ጨርቅ አይታየውም። ባሌ የጊደሯን ገመድ ለቀቀና ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው ገና ከጉልበቱ በታች ነበር።

«እማ፣ ዝም ይበሉ! ወደ እርስዎ እየመጣ ነው!» ብላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። እጄን ሰድጄ አፋቸውን አፈንኩ። ምራት የአማቷን አፍ ስታፍን ያየ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ያኔ ግን ከፍርሃት ሌላ ምንም አልነበረብኝም። እየታገሉኝ አጥብቄ ያዝኳቸው፤ በሌላው እጄ ተመለስ፣ ተመለስ እላለሁ። ጩኸቱ ሲቋረጥ ባሌ መሐል ወንዝ ላይ ቆመ። መቆሙ ከመሮጡ ይብስ ነበር። ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ የጎርፉን ድምፅ ሰማው መሰለኝ፣ ዞሮ ሮጠ። ዳሩን ቧጦ ሲወጣ ውሃው የቆመበትን ቦታ ጠራርጎት አለፈ።

ከማዶ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጣራ ጀመር። ጎርፉ ድምፁን እየዋጠበት፣ ደጋግሞ ከጮኸ በኋላ ነው የሰማነው።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?»

አማቴ መታገላቸውን ትተው ነበር። እንባቸው በጣቶቼ መሐል ይወርዳል። ሊመልሱለት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ እጄን ማንሳት ግን ፈራሁ።