እትዬ ዘነበች የጠየቁት በሽተኛ

ልጄ መክሊት የካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ወዲህ ሐኪሟ አጥብቆ ያዘዘን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውነቷ እስኪጠነክር ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይስማት። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ለዚያውም ጠያቂን አትሳሙ ብሎ! ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ የት ይገኛል?

እሑድ ዕለት የእናቴ የአክስት ልጅ እትዬ ዘነበች ከጎረቤላ እያሳላቸው መጡ። የሰሙት «እነሱ ቤት ሰው በካንሰር ታሟል» የሚለውን ብቻ ነው። በሩን የከፈተችላቸው መክሊት ናት፤ ኮፍያዋን አጥልቃ፣ መድኃኒቱ ያሳበጠው ጉንጯ ገና ሳይጎድል። እኔ እሷን ሳስታምም ከከረምኩበት የሆስፒታል ወንበር የተረፈውን ከሲታ ሰውነቴን ሶፋ ላይ ዘርግቻለሁ።

«አይሳሟት!» ልል ስነሳ፣ እትዬ ልጄን በክንዳቸው ገፋ አደረጓት።

«ዞር በይ እስቲ አንቺ ድቡልቡል፣ በሽተኛው ይታየኝ!» አሉና እላዬ ላይ ተንሰቀሰቁ። «ወይኔ ልጄን! አጥንትህ ብቻ ቀረ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል፣ አትድከም!»

በሳል መሃል ግራ ጉንጬን፣ ቀኝ ጉንጬን፣ ግንባሬን ሳሙኝ። አስጥይኝ ብዬ መክሊትን በዓይኔ ለመንኳት። እሷ እጇን ሳኒታይዘር እየቀባች ከበሩ አጠገብ፣

«እትዬ፣ ሐኪሙ ደጋግማችሁ ሳሙት ብሏል» አለች።