የአባቴ ጃርዲያ

አባቴ በሽታውን የሚጠራው «ሆዴ» ብሎ ነበር። «ሆዴ ዛሬ ከፍቶታል»፣ «ሆዴ ወተት አይወድም»፣ «ሆዴ ሲያጉረመርም አደረ»። ስለ አንድ አስቸጋሪ የቤት ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከዓረብ አገር በፈቃድ የመጣሁት በዓቢይ ጾም ነበር። መካነ ሰላም መናኸሪያ ሊቀበለኝ የቆመውን ሰውዬ ሳላውቀው አልፌው ሄድኩ። ኮቱ የአባቴ ኮት ነው፤ የለበሰው ሰውዬ ግን ከስቶ ግማሽ ሆኗል። ክርስቲያን ቢሆንም እንደ አገራችን ሰው ልማድ በስልክ «ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ምን ጎሎኝ» ሲለኝ የከረመው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

እናቴን የቀበርኳት በስልክ ነው። የሰው ቤት ወለል እየወለወልኩ የለቅሶውን ድምፅ ሰማሁ፤ ከቀብሯ የደረሰኝ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ መናኸሪያው ላይ የፈራሁት ነገር ግልጽ ነበር። አባቴን እንዲህ እንደሆነ ትቼው ከሄድኩ የሚቀጥለው ስልክ የእሱ ነው። የመመለሻ ትኬቴ ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተቆርጧል።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጨዋታ የምትወድ ልጅ ናት። «አባባ፣ ይምጡ ይዩት» ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችው። አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ።

«ዓይን አለው እንዴ?» አለ። «ኧረ ሁለት ዓይን! ወላሂ እያየኝ ነው!»

«ዓይን አይደለም አባባ፣ እንዲያው ይመስላል። ጃርዲያ ነው የሚባለው። አንጀትዎ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ከሚበሉት ይሻማዎታል።»

«ይገድለኛል?»

«ችላ ካሉት ያከሳዎታል፣ ያደክምዎታል። እሱ እንኳ ቤቱ እንዲፈርስበት አይፈልግም።»

የመጨረሻዋን ባትናገር ጥሩ ነበር። አባቴ ከጤና ጣቢያው የወጣው ጨዋ ተከራይ እንዳገኘ ባለቤት ፊቱ ፈክቶ ነው። «እኔ ከሞትኩ እሱ የት ይገባል? አሳቢ ነው እኮ!» እያለ መንገዱን ጨረስነው። ማታ ላይ ስለ ሁለቱ ዓይኖች ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

መድኃኒቱ ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጣል። እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ ለጥቂት ቀን፣ ጠላም አረቄም አይቀመስም። አባቴ ጠጪ አይደለም። ግን የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፣ የማርያምም ነው፣ ሰንበቴም አለበት፣ በመሐል ደግሞ የሰው ተዝካር አይጠፋም። የማኅበር ጽዋ ደርሶት ሳይቀምስ ማሳለፍ እሱ ዘንድ ሰው ከመስደብ አይተናነስም። እናም ጠላ የሌለበት ሳምንት ፍለጋ ገባን። ይኼኛው አይሆንም፣ ያኛው ደግሞ ደጋሹ ራሱ ነው። እኔ እየተናደድኩ፣ እሱ እየሳቀ፣ ጃርዲያው እየበላ ጾሙ ተጋመሰ። የምንቀዳው ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ስለሆነ ውኃውን ማፍላት የጀመርኩት ግን ከጤና ጣቢያ በተመለስንበት ዕለት ነው። «ልጄ ዓረብ አገር ሄዳ ውኃ ወጥ መሥራት ተማረች» እያለ ቀለደብኝ።

በመጨረሻ መፍትሔውን ራሱ አመጣው። «ሰሞነ ሕማማት!» አለ። ማኅበር የለ፣ ድግስ የለ፣ ጠላ ወደ አፉ የሚያስጠጋ ሰው የለ። ኮራሁበት። እንዴት ሳናስበው ቀረን ብዬም በራሴ ሳቅኩ።

ሰኞ ጀመረ። ማክሰኞ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የጎረቤት አጥር ተደግፎ አገኘሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ መድኃኒቱን በደንብ ወስደሃል?»

«ሦስቱንም።»

«መቼ መቼ?»

«ማታ ነዋ። ጾሜን ስፈታ።»

ለካ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ውሎ የጠዋቱን፣ የቀኑንና የማታውን ፍሬ ሰብስቦ በአንድ ጉንጭ ውጦት ኖሯል። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ለእኔ ትንፍሽ አላለም። «ውኃ በማይጠጣበት ሳምንት ቁርስ በልቼ ኪኒን ልውጥልሽ?» አለኝ፤ የተናደደው እሱ ሆነ።

ያን ጊዜ ጮህኩበት። «ላንተ ሁሉም ጨዋታ ነው! እኔ አንተንም በስልክ አልቀብርም!» አልኩት። አባቴ ክንዴን ያዘና ወደ ንስሐ አባቱ ቤት ወሰደኝ።

ንስሐ አባቱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጃርዲያው ዓይን አለው የተባለውንም ሳይቀር።

«አንተ እየጾምክ ነው» አሉት። «መልካም። ሆድህ ውስጥ ያለውስ ይጾማል?»

«ኧረ አባ፣ እሱማ ምን ጾም ያውቃል።»

«አንተ ስትሰግድ እሱ እየበላ ነዋ። ታዲያ ለማን ነው የምትደክመው? በሰዓቱ ዋጥ፤ ቀምሰህም ዋጥ። እኔ ፈቅጄልሃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ በሕማማት ይጮሃል?»

ከዚያ ወዲያ በሰዓቱ ዋጠ። ፋሲካ ዕለት ማኅበርተኞቹ ቤታችን ሞልተው ጠላው ሲንቆረቆር አባቴ የፈላ ውኃውን በጠርሙስ ይዞ መሐላቸው ተቀመጠ። «ምነው፣ ሰለምክ እንዴ?» ሲሉት «አልሰለምኩም፤ ተከራይ እያስወጣሁ ነው» ብሎ አሳቃቸው። ጽዋው ሲደርሰው ግን እጁ ላይ ትንሽ ቆየ። ወደ እኔ አየ፣ ሳይቀምስም አሳለፈው። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

በዳግማይ ትንሣኤ ምሳ አቀረብኩለት። ሻንጣዬ በሩ ሥር ተዘጋጅቷል። ከመጣሁ ጀምሮ ከቀረበለት ግማሹን ሳይነካ እጁን ይታጠብ ነበር። ስለዚህ ላለማየት አንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዴ ወደ ውጭ እያየሁ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ሰማሁ።

«ጨምሪ እንጂ! ነው ወይስ ዓረቦቹ ንፍገት አስተማሩሽ?»

ዞሬ ሳይ ትሪው ባዶ ነው። ድስቱ ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ፤ እንባዬን ሳልጠርግ ጨመርኩለት።