አክስቴ ሴሎቿን ልትጠይቅ ስትመጣ

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቴምብር ስትሸጥ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሠፈሩ ሁሉ «ተራ ጠብቁ» ነው የሚላት፤ ከዚያች መስኮት ጀርባ ስትጮህ የኖረችው እሱኑ ነውና። ጡረታ ብትወጣም አመሏ አልለቀቃትም። ዛሬም ዳቦ ቤት ገብታ የማታውቃቸውን ሰዎች ታሰልፋለች።

እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ሴል አሳዳጊ ነኝ። አዎ፣ እንደዚህ ያለ ሥራ አለ። ከሰው ክንድ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ትወሰዳለች፤ እኔ ሴሎቹን ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን አድርጌ፣ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ምግባቸውን እየቀየርኩ አሳድጋቸዋለሁ። አለቃችን የሚያሳድደው ዲኤንኤ ውስጥ ያለ አንድ ቋጠሮ ነው። ዲኤንኤ ሁለት ክር ሆኖ የተጠማዘዘ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን አራት እጥፍ ሆኖ ይቋጠርና ወዲያው ይፈታል። ሲቋጠርና ሲፈታ ማየት የሚቻለው ሴሉ በሕይወት እያለ ብቻ ነው። ይህ ነገር በእህትማማቾች ላይ ይመሳሰል እንደሆነ ማወቅ አማረውና «እህትማማቾች ፈልጊልኝ» አለኝ። አፌ ቀደመኝና «እናቴና አክስቴ አሉ» አልኩ። ምን ቆርጦኝ!

እናቴና አክስቴ በእናታቸው የልብስ ስፌት መኪና ተጣልተው ከተኮራረፉ ስንት ዘመናቸው! መኪናዋን የወሰደችው አክስቴ ናት፤ መስፋት ግን አትችልም። እናቴ መስፋት ትችላለች፤ መኪና የላትም። የሁለቱንም ቤት እያዳረስኩ ለየብቻ ለመንኳቸው። «እሷ ከሰጠችማ እኔ ምን ያንሰኛል» ብለው በተለያየ ቀን መጥተው ክንዳቸውን ዘረጉ።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ አክስቴ ሻርፗን አሳምራ የላብራቶሪው በር ላይ ቆማለች።

«ሴሎቼን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«አክስቴ፣ እዚህ እኮ ሆስፒታል አይደለም።»

«ከኔ የወጡ አይደሉም እንዴ? ወይስ ሸጣችኋቸው?»

ጋውን አልብሼ አስገባኋት። በማይክሮስኮፑ አጎንብሳ ብዙ ቆየችና «ከስተዋል» አለች። የሚበሉትን ቀይ ፈሳሽ ባሳየኋት ጊዜማ «ጭማቂ ብቻ እየጋታችሁ እንዴት አይከሱ!» ብላ ተቆጣች። ቀጥላ ማሞቂያውን አጮልቃ አየች።

«ያቺ ከኔዋ ሳህን አጠገብ ያለችውስ የማን ናት?»

«የእናቴ።»

«ከሷ ጎን? ለዪልኝ! አሁኑኑ ለዪልኝ!»

እምቢ ብዬ ነበር። እሷ ግን በየሳምንቱ እየመጣች ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ ነዘነዘችኝ። ቆሽቴ ሲያርር ሳህኗን አንስቼ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ማሞቂያ ውስጥ ለብቻዋ ከተትኳት። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም አለች።

«ያቺስ... ደህና ትበላለች?»

«የቷ?»

«ያቺ ጎረቤቴ የነበረችዋ ነቻ!»

ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል «የዚያች ሴትዮ ሴሎችስ?» ትለኛለች። እኔ ጅሏ የሳይንስ ፍቅር የያዛት መስሎኝ ስለ ቋጠሮው ማስረዳት እጀምራለሁ። «እሱን ተይው! ደህና ናቸው ወይ ነው ያልኩሽ» ትላለች። እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ሌላ መንገድ እንዳልነበራቸው የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አሮጌውን ማሞቂያ ስከፍት የአክስቴ ሳህን ነጭ ጸጉር አብቅላለች። ሻጋታ! የዚያ ማሞቂያ በር ድሮም ደህና አይገጥምም ነበር። አለቃዬ ያወረደብኝን አልደግመውም። ሻጋታው እንዳይዛመት ሳህኗ ከነክዳኗ በእንፋሎት ተቀቅላ ተጣለች፤ እኔም ለአክስቴ ልነግራት ቤቷ ሄድኩ። ጩኸቷን ጠብቄ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር የቆምኩት። አልጮኸችም።

«ብቻቸውን ነበሩ አይደል?» አለች። ቀጥላም «በቃ፣ ሌላ አልሰጥም። አልመጣምም» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። አንጀቴን በላችው።

ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። «ሻጋታ? ሻጋታ እሷን ደፈረ?» ቀጥላ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አልመጣም አለች?»

«አልመጣም አለች።»

እጇን ታጠበች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ያን ሁሉ ሕዝብ ያሰለፈችው አክስቴ በሩን ከፍታ እናቴን ስታይ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። እናቴ ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ «እጅጌሽን ሰብስቢ» አለቻት።

«ምን?»

«እጅጌሽን! ነገ ሌላ ቁራጭ ትሰጫለሽ። የኔዎቹ ብቻቸውን ቀሩ እኮ፣ እቴቴ።»

«እቴቴ» ስትላት ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። አክስቴ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች።

«በር ላይ ተገትራችሁ ነው እንዴ የምታወሩት? ግቡ እንጂ!»

ገባን። የስፌት መኪናዋ ዳንቴል ለብሳ ቴሌቪዥን ተሸክማለች። እናቴ አየቻት፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ዝም አለች። ለእናቴ ይህ ትልቅ ጀግንነት ነው።

አዲሶቹ ሴሎች ሲያድጉ ሁለቱንም ጠራኋቸው። ማይክሮስኮፑ ባለበት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የሁለቱ ሴሎች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ቀርበው፣ በጨመርንባቸው አብሪ ቀለም ቋጠሮው በተቋጠረ ቁጥር አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ይላል፤ ሲፈታ ይጠፋል። አለቃችን እንደ ልጅ አጨበጨበ።

«የኔ የትኛዋ ናት?» አለች አክስቴ።

«ያቺ የዘገየችዋ» አለች እናቴ። «ተራ እየጠበቀች ነዋ!»

አክስቴ እስኪያስላት ሳቀች። ሳህኖቹን ልመልስ ማሞቂያውን ስከፍት ከኋላዬ መጥታ አንገቷን አሰገገች። ካለፈው ተምሬ አንዱን ማሞቂያ ለሁለት ከፍዬላቸው ነበር፤ የሷን ከላይኛው መደርደሪያ፣ የእናቴን ከታችኛው።

«ምነው አራራቅሻቸው?»

ደሜ ፈላ። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ለዪልኝ ብለሽ ያሳበድሽኝ!»

«ያን ጊዜ ነዋ» አለች። «አሁን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። በሩንም ደህና አድርገሽ ዝጊው።»