ክርስትና ያነሳሁት ኦሪት

አታምኑኝም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ፣ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ገባ ብላ በነበረችው የቆርቆሮ ሱቄ ውስጥ አንድ ጥንታዊ ኦሪት ክርስትና አንስቼ፣ በማግስቱ መልሼ አስወልቄዋለሁ።

ነገሩን ያስታወሰችኝ አንዲት አስተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት የታሪክ ልብ ወለድ ረቂቋን እንድጠርዝላት አመጣች። እኔ የምጠርዘውን ሁሉ አነባለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዬ እሱ ነው። ያነበብኩት የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ቢታሰብልኝ እስካሁን ሦስት ጊዜ ዶክተር በሆንኩ። የእሷ ድርሰት ስለ አንድ የቤተ እስራኤል የብራና መጽሐፍ ነው፤ ከእሳት ይተርፋል፣ ዋሻ ይደበቃል፣ ፈረሰኛ ያሳድደዋል። ይጣፍጣል። ግን እኔ የማውቀው ኦሪት የተረፈው በምላጭ ነው፣ ምላጩንም የያዝኩት እኔ ነኝ ስላት ሳቀችና ጥረዛው መቼ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ።

ያኔ ሰፈሩ እንዲህ በፎቅ አልታፈነም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቀጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር የምታርፈው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ የስፌት መኪናውን ያንኳኳል፣ እኔ ሙጫ አፈላለሁ፣ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው እንሰዳደባለን። ደግ ዘመን ነበር።

አባባ የምላቸው ሽማግሌ የመጡት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። ሳሊተ ምሕረት የሚኖሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ቤተ እስራኤል። በነጠላ የተጠቀለለ የብራና ኦሪት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ስፌቱ ተበጥሶ ቅጠሉ ሊረግፍ ነው። ከወር በኋላ ደግሞ በዓላቸው ሥግድ ነው፤ ወገኖቻቸው ተራራ ወጥተው ሲጸልዩ የሚነበበው ከዚህ መጽሐፍ ነው፣ ሌላ የላቸውም። ከአባቴ ሙሉውን ነው የተቀበልኩት፣ በእኔ እጅ እንዳይጎድል አሉኝ።

ብራና ሰፍቼ አላውቅም። ግን "አልችልም" የሚል ቃል ከዚህ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ቤት ያለውን አሮጌ የብራና ዳዊት ፈትቼ አሰፋፉን አየሁ፣ መልሼ ሰፋሁት፣ ከዚያ ወደ ኦሪቱ ገባሁ። በሳምንቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው ቅጠል አናት ላይ አንድ መስመር ባዶ ነው፣ ተልጧል። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ የብራና መጽሐፍ በምን እንደሚጀምር አውቃለሁ። አይጥ በልቶባቸው ነው ብዬ አዘንኩ። ቀይ ቀለም በጥብጬ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብዬ ሞላሁላቸው። ልብስ ሰፊውን ጠርቼ አሳየሁት። ያ ምቀኛ ሳይቀር አደነቀኝ።

በማግስቱ አባባ መጡ። ስፌቱን ዳሰሱ፣ መረቁኝ። ገለጡት። ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ወንበር ሳብኩላቸው።

"ልጄ፣ መጽሐፌን እኮ ክርስትና አነሳህብኝ" አሉ።

ቀስ ብለው አስረዱኝ። ኦሪቱን የጻፈው ክርስቲያን ነው። ቅድመ አያታቸው ከእሱ እጅ ሲቀበሉት ያንን መስመር በቢላዋ ፍቀው ባዶውን ተዉት። ከዚያ ወዲህ ቦታው ላይ ሲደርሱ "ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል" የሚሉት በአፋቸው ነው። አሁን እንዲህ ሆኖ ለሥግድ ሊነበብ አይችልም።

እንፋቀዋ አልኩ።

"አንዴ የተፋቀ ነው፣ ሳስቷል። ከጀርባው ደግሞ ሰው የተፈጠረበት ቃል ነው ያለው። ብትበሳው አዳም የለም።"

ጠረጴዛውን ወደ ፀሐዩ አወጣነው። ልብስ ሰፊው የመተኮሻ ሰሌዳውን ከሥር አደረገልን። አባባ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙ፣ እኔ በምላጭ ፊደል በፊደል መፋቅ ጀመርኩ። ቀልድ ጠፋኝ፤ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ። በስመ አብን ስፍቅ ደግሞ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ምላጩን አቆምኩ። አባባ ገባቸው።

"ያንተ ልብህ ውስጥ አለ። ይሄ የኔ ነው፣ መልስልኝ" አሉኝ።

መለስኩላቸው። አብ ሄደ፣ ወልድ ሄደ፣ መንፈስ ሄደ። መጨረሻው ቃል ላይ ስደርስ ብራናው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ ከሥሩ የሰሌዳው ጨርቅ ታየኝ። አንድ ጊዜ ብደግመው ያልቅለታል። ምላጩን አነሳሁና አየኋቸው። እሳቸውም ቃሉን አዩት፣ እጄን ያዙኝ።

"ተወው። ቅዱስ እኛም ጋ አለ።"

ለሥግድ አነበቡበት። በዓመቱ መጽሐፉን ለወገኖቻቸው ትተው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ሱቄም ፈረሰች፣ ዛሬ መንገድ ሆናለች፤ በላይዋ በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር ሙጫው ይሸተኛል። ካላመናችሁ ልብስ ሰፊው ላምበረት መናኸሪያው ጀርባ አለ፤ አይወደኝም፣ ስለዚህ አይዋሽልኝም። እሱንም ካላመናችሁ ለሥግድ ውጡና ወገኖቻቸው የመጀመሪያውን ቅጠል ይግለጡላችሁ። እዚያ በቀይ የተጻፈችው አንዲት ቃል የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነች ጠይቁ።