በጃፓን ሸክላ ላይ የቀረ ስም

የዚያን ቀን ነፋሱ የሚመጣው ከበረሃ በኩል ነበር። ጥቅምት ገብቶ ሳለ ሎስ አንጀለስ እንደ ምድጃ አፍ ትፋጅ ነበር። በፌርፋክስ መንገድ ዳር ያሉት ዘንባባዎች ደረቅ ቅጠላቸውን መኪና ላይ ይጥላሉ። የሰው ሁሉ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ የበር እጀታ የነካ ሁሉ ንዝረት ይይዘዋል። ፀሐይወርቅ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ በርባንክ ስትደርስ ጥርሷ መካከል አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1976 ነው። እሷ ሠላሳ ዓመቷ ነበር።

አገሯ ሳለች ስድስተኛ ክፍልን አልጨረሰችም። እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ የአምስት ዓመት ወንድሟ ኅሩይ እጇ ላይ ቀረ። ሰው ቤት እየሠራች አሳደገችው። በኋላ አሠሪዎቿ ወደ አሜሪካ ሲመጡ ልጆቻቸውን እንድትይዝላቸው ይዘዋት መጡ፤ እነሱ ሲመለሱ እሷ ሥራ ፈልጋ ቀረች። ኅሩይን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ከዚህ የምትልከው ነው። በየወሩ ይጽፍላት ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ግን ደብዳቤ አልመጣም።

ሥራዋ በርባንክ ውስጥ ያለ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ማጽዳት ነበር። ሁለት ዓመት ስትሠራ ከ«ሃይ» በላይ ያናገራት ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ስቱዲዮውን የያዘችው ከቶኪዮ የመጣች ፉሚዬ ኦኩዳይራ የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ፀሐይወርቅ አብራት ለምትኖረው ለአዜብ ስሟን ስትነግራት፣ አዜብ «ቁልምጫውን ይዛ ነው እንዴ የተወለደችው?» ብላ ስቃ ነበር። ፉሚዬ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው የምትሠራው። በአገሯ ሦስት ሸክላ አውጥታለች። የመጀመሪያው እንደ ጉድ ተሸጠ፣ ሁለተኛው እንደ ነገሩ ሆነ፣ ሦስተኛውን የሰማው የለም። ያሠራት ኩባንያ «አሜሪካ ሄደሽ አራተኛውን ሥሪ፤ እሱም ካልሆነ ይበቃናል» ብሎ ላካት። ይህን ሁሉ ለፀሐይወርቅ የነገሯት አስተርጓሚው ሚስተር ኢቶ ናቸው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልደው ያረጁ ጃፓናዊ ናቸው፤ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዘው ሲቀመጡ ከእሷ በቀር የሚያዋሩት ሰው ስለማያገኙ ነው ያዋሯት።

ፉሚዬ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሦስት ቀን ተቸግራ ነበር። ለሞተው አባቷ የጻፈችው ነው። ፒያኖውን እየመታች ትዘፍናለች፣ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ታቆማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። በዚያ በነፋሱ ቀን ለሻይ ስትወጣ ፀሐይወርቅ ኮሪደሩን እየጠረገች ታንጎራጉር ነበር።

የምታንጎራጉረው ሁልጊዜም ከአክስቷ የያዘችውን ነው። አክስቷ በሰንዳፋ በኩል የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር በቅሎ እየተላከላት ለቅሶ ትጠራ ነበር። ፀሐይወርቅ ልጅ ሳለች እየተከተለቻት ሙሾውን አጠናችው። ያለ ቃል ሲሆን እንዲሁ ዜማ ነው፤ መጥረጊያ እየያዙ ቢያዜሙት ማንንም አይነካም። ለቅሶ የሚሆነው የሰው ስም ሲገባበት ነው።

ፉሚዬ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሚስተር ኢቶን ጠርታ ይህ ምን ዘፈን ነው ብላ አስጠየቀች። ፀሐይወርቅ ዘፈን እንዳልሆነ፣ ለሞተ ሰው የሚለቀስ መሆኑን በምትችለው እንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ይህ ሲተረጎምላት ፉሚዬ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያም የዘፈኔ መጨረሻ ላይ ገብተሽ እንደ አገርሽ ወግ ከነቃሉ አልቅሺልኝ አለቻት። አንድ ሰው ወረቀት አምጥቶ አስፈረማት። ምን እንደሚል አላነበበችም፤ ብታነብም አይገባትም ነበር። እምቢ ለማለት ቃሉን ስትፈልግ ጆሮዋ ላይ ሄድፎን አደረጉላት።

በመጀመሪያ ለእናቷ አለቀሰች። እውነተኛ እንባ መጣላት፤ ሽርጧን አንሥታ ፊቷን ጠረገች። ያበቃ መስሏት ልትወጣ ስትል ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ፈረንጅ በጣም ጥሩ ነው፣ የሄድፎኑ ሽቦ ድምፅ ስላሰማ አንዴ እንደገና አላት። እንደገና? ያለቀሱለት ሰው እንዴት እንደገና ይለቀስለታል? አክስቷ እንዲህ ያለ ነገር አላስተማረቻትም። ስለዚህ በሁለተኛው ለአባቷ አለቀሰች። አጠገባቸው ካለው አየር ማረፊያ አውሮፕላን ተነሥቶ አጉረመረመና እሱም ተበላሸ። በሦስተኛው አምና ለሞተችው ለአክስቷ ለራሷ አለቀሰች። ይሄኛው እንደ መጀመሪያው ከልብ አይደለም አሉ። እንባውም ደርቆ ነበር።

ሙት አለቀባት።

ፉሚዬ ገባችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻት። የመጨረሻ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለች በሚስተር ኢቶ አፍ። ፒያኖው ጀመረ። ፀሐይወርቅ የማንን ስም እንደምትጠራ ሳታስብ ዓይኗን ጨፈነች። ከአፏ የወጣው ይህ ነበር፦

«እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሬ፣
ወንድሜ ኅሩይን ማን ቀበረው ዛሬ።»

ዓይኗን ስትገልጥ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ሚስተር ኢቶን እጃቸውን ይዛ «ይሄኛው ይቅር። ይህ ሰው አልሞተም» አለቻቸው። እሳቸውም ለፉሚዬ ተረጎሙላት። ፉሚዬ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ነግሬያታለሁ» አሉ ሚስተር ኢቶ። «ባለመሞቱ በጣም ደስ ብሎኛል ትላለች።»

ከዚህ በኋላ ምን ማለት ይቻላል? ኮሪደሩን ጠርጋ ጨረሰችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ለማንም አልተናገረችም። በቁም ባለ ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። በአንዲት ቃል ወንድሜ ላይ ሞት ጠራሁበት ብላ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳለች። አንድ ደብዳቤ ብቻ ይምጣ፣ ኅሩይ በገዛ እጁ አድራሻዬን የጻፈበት ፖስታ ልይ አለች። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ የፖስታ ሣጥኑን ትከፍታለች። የስልክ ቢል ነው፣ የአዜብ የነርስ ትምህርት ቤት ወረቀት ነው።

ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ሰዉ ግራ አጋባት። ያኔ ፌርፋክስ አካባቢ ያሉት ሐበሾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲሆኑ ታላቃቸው ጋሼ ግርማቸው ነበሩ። እሳቸው ሳያውቁት የሚሆን ነገር የለም። እሑድ እሑድ እሷና አዜብ ቤት ሲሰበሰቡ እሷ ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። ስለ አገር ቤት አንድ ነገር ስትጠይቅ አንዱ ስለ ፈተና፣ ሌላው ስለ መኪና ያነሣል። አዜብ ደብዳቤ መጣ ወይ ብላ መጠየቋን ተወች፤ ጭራሽ ሳህን እንኳ አታሳጥባትም። አንድ ቀን ጋሼ ግርማቸው በርባንክ ድረስ ድራይቭ አድርገው ሊወስዷት መጡ። ቤቷ በር ላይ ፓርክ አድርገው «በርቺ» ብለዋት ሄዱ። ለምንድን ነው የምበረታው ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሙሾውን ሰምተው የተቀየሟት መሰላት። ግን ከየት ይሰሙታል?

በግንቦት ሸክላው በፖስታ መጣ፤ ሁለት ቅጂ፣ ከውስጡ በጃፓንኛ የተጻፈ ደብዳቤ ያለበት። ሽፋኑ ላይ ፉሚዬ ባሕር ዳር ቆማለች። በጀርባው በትናንሽ ፊደል የእያንዳንዱ ዘፈን የተቀረጸበት ቀን ተጽፏል፤ የመጨረሻው ኦክቶበር 21 ይላል። ፀሐይወርቅ አላስከፈተችውም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብስ ሥር አስገባችው። ደብዳቤውን ሚስተር ኢቶ አነበቡላት። ሸክላው ብዙ አልተሸጠም፤ ነገር ግን የገዙት ሰዎች በመጨረሻው ዘፈን ላይ እንባቸው ይመጣል፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እየጻፉ ይጠይቁኛል፣ ምን ልበላቸው ይላል። ፀሐይወርቅ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አዜብ ሸክላውን ያገኘችው ብርድ ልብስ ልታጥብ ስትል ነው። የጃፓን ዘፈን ምን እንደሚመስል እንስማው ብላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐይወርቅ ሥራ ላይ ሳለች፣ ለተሰበሰበው ሰው አጫወተችው። መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ እንዲያውም ይህቺ ሴትዮ የእኛን ቅኝት ከየት አገኘችው አለ። መጨረሻው ላይ የፀሐይወርቅ ድምፅ መጣ፤ የኅሩይ ስም መጣ። ማንም አልሳቀም።

ፀሐይወርቅ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአውቶቡስ ስትወርድ በሯ ላይ አምስት መኪና ቆሞ አየች። ስትገባ ሶፋው ተነሥቷል፣ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። አንደኛዋ ደረቷን ትደቃለች።

«የማን ነው?» አለች ፀሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማ።

አዜብ ተነሥታ እግሯ ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ ይቅር በይን። አንቺ አውቀሽው ስንት ወር ብቻሽን ስታለቅሺ፣ እኛ አፋችንን ዘግተን አብረንሽ በላን፣ ጠጣን።»

«ምኑን ነው ያወቅሁት?»

ደረቷን የምትደቃው ሴት እጇን አወረደች። ሁሉም ጋሼ ግርማቸውን ማየት ጀመረ። እሳቸው ቆባቸውን አወለቁ።

«ሸክላውን ሰማነው» አሉ። «አንቺው ነሽ ያለቀስሽለት። ማን እንደነገረሽ አላወቅንም እንጂ፣ ያወቅሽ መስሎን ነው።»

ኅዳር ላይ ስልክ ተደውሎላቸው ነበር። በጥይት ነው የሞተው። መርዶው እንደ ወጉ ዘመድ ባለበት ይነገራት ተባለ፤ ዋሽንግተን ያለ የአባቷ ወገን ይምጣ ተባለና ሰውዬው በቪዛ ቀጠሮ ምክንያት ከዚያ መንቀሳቀስ አልቻለም። ከዚያ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ከዚያ ገና ነበር፣ ከዚያ ጾም ገባ። ሲዘገይ ደግሞ መንገሩ እየከበደ ሄደ። ሁሉም ሌላው ይነግራታል ብሎ ተቀመጠ።

ፀሐይወርቅ አላለቀሰችም። ሄዳ የሸክላውን ሽፋን አነሣችና ቀኑ ላይ ጣቷን አኖረች።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ጥቅምት ውስጥ ነው አሉኝ።»

«ጥቅምት ስንት?»

«ቀኑን የነገረኝ የለም፣ ልጄ።»

እሷ በጣቷ ቆጠረች። ኦክቶበር 21 ጥቅምት አሥራ አንድ ነው። ሰዉ እንድታለቅስ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ትቆጥራለች። አንዳንዶቹ አእምሮዋ የተነካ መሰላቸው። አዜብ ትከሻዋን ይዛ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ እያለች ለመነቻት።

«ሳይሞት አልቅሼበት ነው ወይስ ሞቶ ነው ያለቀስኩለት?» አለች ፀሐይወርቅ። «እሱን ሳላውቅ ምን ብዬ ነው የማለቅሰው?»

ሦስት ቀን ተቀመጡላት። ጋሼ ግርማቸው ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ጻፉላት፤ የአክስቷ ልጅ ከአራት ወር በኋላ መለሰች። ኅሩይ ጥቅምት አምስት ቀን ጧት ከቤት ወጣ። ሬሳው ጥቅምት አሥራ አራት ተገኘ። በመካከሉ የት እንደነበረ፣ በየትኛው ቀን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ፀሐይወርቅ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበች፤ የተለየ ቀን ከውስጡ አልወጣም።

ያን ጊዜ ለፉሚዬ መልስ አስጻፈች። አጭር ነበር፤ ኅሩይ የወንድሜ ስም ነው፣ አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ይኸው ነው። ፉሚዬ ከዚያ በኋላ ሁለት ዘፈን ብቻ ያለበት ትንሽ ሸክላ አወጣችና ኩባንያው አሰናበታት። ዘፈኑን ትታ የባሏን የወረቀት መደብር እንደምትጠብቅ ሚስተር ኢቶ ሰምተው ነግረዋት ነበር። ፀሐይወርቅ ስቱዲዮው እስኪዘጋ ድረስ ስድስት ዓመት እዚያው ሠራች። መጥረጊያ ስትይዝ ግን አፏን ትዘጋ ነበር። ሰው ሲሞት እየመጡ ሙሾ አውርጂልን የሚሏት ነበሩ፤ ረስቼዋለሁ ትላቸዋለች።

አሁን ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባልድዊን ሂልስ ውስጥ ከአዜብ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አዜብ ሐኪም ቤት ትወስዳታለች።